ሕፃን ይዞ ከደሴ እስከ ዋሽንግተን፦ ሳይደክሙ የመሳፈር መመሪያ

ሕፃን ይዛ ሩቅ አገር የምትሄድ እናት ሁሉ የምትፈራው አውሮፕላኑን ነው። ቢያለቅስብኝስ? ሰው ቢቆጣኝስ? ጆሮውን ቢያመውስ? ፍርሃቱ ያለ ነው። ግን የወሎ ሰው ጉዞ ቦሌ ላይ አይጀምርም። ከደሴ፣ ከወልዲያ፣ ከከሚሴ፣ ከላሊበላ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት ደግሞ የስንብቱ ሳምንት አለ። አውሮፕላኑ በር ላይ ሲደረስ እናትየዋ ወገቧ ተቆርጧል። ልጁም እንቅልፉ ተዛብቶ ነጭናጫ ሆኗል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለቅሶ ሁሉ በበረራው እናሳብባለን። እኔ ግን ድካሙ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ብዙው መሬት ላይ እያለሽ የምትሠሪው ነው።

«አንቺ» እያልኩ የምጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ልጁን ይዛ ብቻዋን የምትጓዘው እናት ስለሆነች ነው። አባት ከሆንክም ከማጥባቱ በቀር ሁሉም ይመለከትሃል።

1. ወረቀቱን ቀድመሽ ጨርሺ

ሕፃኑ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ለፓስፖርቱ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ለቪዛ ደግሞ ሁለቱም። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ስለሚሄድ ትኬት ከመቁረጥሽ ከብዙ ወራት በፊት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባው ጀምሪ። ለፎቶው ቀላል ዘዴ አለ፦ ነጭ አንሶላ አልጋ ላይ ዘርግተሽ ልጁን በጀርባው አስተኝተሽ ከላይ አንሺው። ዓይኑ መገለጡን፣ ፊቱ ላይ ጥላ አለመውደቁን ተመልከቺ።

አሁን ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች ላይ እንምጣ። የመጀመሪያው የልደት ቀን ነው። የእኛ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም። በአራት ዓመት አንዴ 12 ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 2016 የተወለደ ልጅ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው የተወለደው። በ2017 መስከረም 1 የተወለደው ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱና ትኬቱ ላይ ያለው ቀን በአንድ ቀን እንኳ ከተለያየ ጣጣ ያመጣል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንብቢ።

ሁለተኛው ስም ነው። ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፣ አንቺ በአባትሽ። ለእኛ ግልጽ ነው። ለውጭ አገር የድንበር ሠራተኛ ግን እናትና ልጅ የቤተሰብ ስማቸው የማይገናኝ ሁለት ሰዎች ናችሁ። «ይህ ልጅ ያንቺ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ክፋት የለውም፣ ሥራው ነው። መልሱ በእጅሽ ይሁን። የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋናውን ከነኮፒው ያዢ። እንግሊዝኛ የሌለበት ከሆነ አስተርጉሚው። አባትየው አብሮ የማይጓዝ ከሆነ መፍቀዱን የሚገልጽ የተረጋገጠ ደብዳቤ ጨምሪበት። የክትባት ካርዱም ከእነዚሁ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ይግባ። ፋይሉ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በፍጹም እንዳታደርጊው።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ትኬቱ ላይ «ማርች 12፣ 00:15» ቢል ከሌሊቱ 6፡15 ማለት ነው። እኛ ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ፈረንጁ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይለውጠዋል። ስለዚህ ማርች 11 ማታ በ3 ሰዓት ቦሌ መገኘት አለብሽ። ማርች 12 ማታ ሻንጣ እየጎተትሽ ብትመጪ አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። የሚሸኙሽ ሰዎችም ቀኑን በትክክል መያዛቸውን አረጋግጪ።

2. ትኬትና መቀመጫ

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ይጓዛል። በዓለም አቀፍ በረራ የሚከፈልለት አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ከሞላው የራሱን ወንበር ይዞ ይሄዳል። ዕድሜው የሚታየው ትኬት በተቆረጠበት ቀን ሳይሆን በሚጓዝበት ቀን ነው። ሲሄድ 1 ዓመት ከ10 ወር የነበረ፣ ሲመለስ ሁለት ያለፈው ልጅ ለመልሱ ወንበር ይገዛለታል። ይህን ቀድመሽ ካወቅሽ ጉዞውን ትንሽ አጠጋግተሽ ብሩን ታተርፊያለሽ።

ገና የማይቀመጥ ወይም ትንሽ ሕፃን ከሆነ ባሲኔት የሚሉትን ተንቀሳቃሽ የሕፃን አልጋ ጠይቂ። ከፊት ለፊት ግድግዳ ያለባቸው ወንበሮች ላይ ብቻ ነው የሚሰቀለው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ስለዚህ ትኬቱን እንደቆረጥሽ ወዲያው አስመዝግቢ። ከጉዞው ሁለትና ሦስት ቀን በፊት ደውለሽ ደግመሽ አረጋግጪ። የክብደት ገደብ ስላለው የልጁን ኪሎ ንገሪያቸው። አልጋው አለ ማለት ግን ሌሊቱን ሙሉ ይተኛበታል ማለት አይደለም። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ አይሰቀልም። አየሩ ሲረበሽና የቀበቶው መብራት ሲበራ ልጁን አንስተሽ ታቅፊዋለሽ፣ ተኝቶም ቢሆን።

የግድግዳው ወንበር ሌላም ጉዳት አለው። ከፊትሽ ወንበር ስለሌለ ቦርሳሽን እግርሽ ስር ማስቀመጥ አትችይም። ሲነሳና ሲያርፍ ላይ ትሰቅይዋለሽ። የእጅ መደገፊያውም አይታጠፍም። ለሚሮጥ፣ ለሚወራጭ የሁለት ዓመት ልጅ ይህ ቦታ አይመቸኝም። ለእሱ ወደ ኋላ፣ መጸዳጃ ቤቱ አካባቢ፣ ከመተላለፊያው ዳር ይሻላል። እዚያ ለመነሳትም ለመንቀሳቀስም ማንንም አታስቸግሪም።

ሕፃን የታቀፈች ጓደኛ አብራሽ ብትሄድ ጎን ለጎን እንቀመጥ ብላችሁ አትጣሉ። ተጨማሪ የኦክስጅን ጭምብል ያለው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ስለሆነ ሁለት የታቀፉ ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የወንበር ረድፍ ጎን ለጎን አይቀመጡም።

3. ጆሮውን ሐረጎ ላይ ፈትኚው

ይህ የእኛ አገር ሰው ብቻ ያለው ዕድል ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ሐረጎ ላይ ጆሮሽ ጠቅ የሚለው ነገር፣ አውሮፕላን ሲያርፍ የሚሆነው ራሱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በዚያች አጭር ቁልቁለት የአየሩ ግፊት ሲጨምር ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር እኩል እስኪሆን ጆሮ ይደፈናል። የሕፃን የጆሮ ቱቦ ጠባብ ስለሆነ እንደ እኛ ቶሎ አይከፈትለትም። የሚከፍተው መዋጥ ነው። መጥባት፣ ጡጦ መጥባት፣ ውሃ መጎንጨት፣ ማልቀስም ጭምር።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር የታመቀ ስለሆነ ከላይ በ11,000 ሜትር እየበረርሽ እንኳ ውስጡ ከ2,400 ሜትር ከፍታ አይበልጥም። ይህ ከደሴ ዝቅ ይላል። እንደ ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 ባሉት አዳዲሶቹ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ መሆኑ ነው! ቦሌ ራሷ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ ከእሷ ሲነሱ ጆሮ ብዙ አይጨነቅም። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ዋናው ፈተና ማረፊያው ነው። ከኮምቦልቻ ከፍታ ወደ ባሕር ጠለል አካባቢ በግማሽ ሰዓት ትወርጃለሽ። ሐረጎን በሦስት እጥፍ አድርገሽ አስቢው።

ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ለሌላ ጉዳይ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ልጁን ያዢው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ስጪው። ዝም ብሎ ከጠባና ከተጫወተ ጥሩ ነው። ጆሮውን እየያዘ አምርሮ ካለቀሰ ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ሊኖርበት ይችላልና ሐኪም ይየው። ጆሮው የታመመ ወይም አፍንጫው ጥርቅም ያለ ልጅ ሳይታይ አይሳፈር። ገና አራስ ከሆነም ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪበት።

ሌላ ነገር፦ «እንዲተኛልሽ ይህን ሽሮፕ ስጪው» የሚል ሰው አይጠፋም። የአለርጂ መድኃኒት እንቅልፍ ለማስያዝ አይሰጥም፤ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው። አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ጭራሽ ያነቃዋል። አሥራ ምናምን ሰዓት አየር ላይ ሆነሽ ያንን መሞከር አያስፈልግም።

4. ስንብቱን አንድ ቀን ቀድሚው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የድካሙ ሁሉ ምንጭ ይህ ነውና።

ወሎ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ አይሸኝም። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ይመጣል። ደስ ይላል፣ ይቅር አልልም። ችግሩ ቀኑ ነው። ሁሉም «የመጨረሻዋን ቀን» ስለሚጠብቅ ቤቱ የሚሞላው ልክ ሊነጋ ሲል መነሳት ያለብሽ ሌሊት ነው። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያመሻል። ሁሉም ይስመዋል። ሁሉም ያባብለዋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ አንቺ ሻንጣ ትቆልፊያለሽ።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ድፍረት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስንብቱን ከዚያች ከመጨረሻዋ ቀን አንድ ቀን ቀደም አድርገሽ ጥሪ። ከደሴ የምትወጪው ቅዳሜ ነው እንበል። «ዱዓው ሐሙስ ነው» ካልሽ ሁሉም ሐሙስ ይመጣል። አርብን ለራስሽና ለልጁ ተይው። ልጁ በለመደው ሰዓት ይታጠብ፣ በለመደው ሰዓት ይተኛ። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው በር ላይ እናትሽ ትቀበለው። «ልጁ ተኝቷል» ከተባለ ማንም አይቀየምም። አያቶች በዚህ ነገር ጎበዞች ናቸው፣ ሥራውን ስጫቸው።

ሁለተኛው የስንብት ጣጣ ዕቃ ነው። «እቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ለልጄ አድርሺልኝ። ምንም አትከብድም።» ይቺ የምትባለው ነገር ስትመዘን ሦስት ኪሎ በርበሬ ናት። ሕፃን የያዘች ሴት የሰው ዕቃ አትይዝም። «ልጅ ይዤ ነው፣ ኪሎውን ዳይፐሩ ጨርሶታል» ማለት ውሸት አይደለም። የግድ ከሆነ ፊትሽ ተከፍቶ፣ አይተሽ፣ በራስሽ እጅ እሰሪው። የታሸገ ነገር ከማንም አትቀበይ፣ ከእህትሽም ቢሆን።

5. ከደሴ እስከ ቦሌ

ሁለት መንገድ አለ። በአየር ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቀን ሙሉ ይፈጃል።

አቅሙ ካለ ለሕፃን በአየር ይሻላል። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ብታስቆርጪ የሻንጣው ነገር ይቀልልሻል። ለየብቻ ከቆረጥሽ ግን የአገር ውስጡ የሚፈቅደው ኪሎ ከውጭው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ላይ ሻንጣ ከፍተሽ እንዳትቀንሺ ቀድመሽ ጠይቂ።

በመኪና ከሆነ ከመነሳትሽ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሪ። ከዚያ ልብስ ደራርቢለት። ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፣ ልጁ ያልበዋል። ከዚያ ደብረ ሲና ወጥተሽ ጣርማ በር ዋሻ ስትደርሺ ብርድና ጉም ነው። በአንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን በሚወልቅና በሚለበስ ሦስት ስስ ልብስ ነው ይህን መንገድ የሚወጡት። እዚህ መንገድ ላይ ያላበውና የበረደው ልጅ ነው አውሮፕላኑ ላይ ነጭናጫ ሆኖ የሚያስቸግርሽ።

በየትኛውም መንገድ ብትመጪ በዚያው ቀን ማታ አትብረሪ። አዲስ አበባ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሪ። ዘመድ ቤት ከሆነ ጸጥ ያለ ክፍል ለምኚ። አዲስ አበባ ያለው ዘመድም ሊሸኝ፣ ሊጋብዝ ይፈልጋልና «ምሳ ብቻ» በይው።

6. የእጅ ቦርሳው

አንድ በጀርባ የሚያዝ ቦርሳ። ሁለት እጅሽ ባዶ መሆን አለበት። ጎማ ያለው የእጅ ሻንጣ ለሕፃን እናት ዕዳ ነው።

ዳይፐር ለጉዞው ሁለት ሰዓት በአንድ ቁጠሪ፣ በዚያ ላይ ለመዘግየት ከአምስት እስከ ስድስት ጨምሪ። እርጥብ ሶፍት። ፌስታል፣ ብዙ ፌስታል፣ ለቆሸሸ ዳይፐርም ለተፋበት ልብስም። ለልጁ ሁለት ሙሉ ቅያሪ። ለአንቺ አንድ ቀሚስ ወይም ቲሸርት፤ ልጁ ሲያስመልሰው የሚያስመልሰው አንቺ ላይ ነው። ይህን ሁሉም ይረሳዋል። የትኩሳት ማስታገሻ ሽሮፕ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን፣ ለአፍንጫ የጨው ውሃ ጠብታ። የአውሮፕላኑ አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ የልጁ አፍንጫ ይደርቃል፣ አንቺም ውሃ ጠጪ።

ነጠላ ወይም ጋቢ ያዢ። የአውሮፕላኑ ብርድ ልብስ ስስ ነው። ጋቢ ይለበሳል፣ ይነጠፋል፣ ስታጠቢ ይከልላል፣ መብራቱን ይጋርዳል። ማዘያሽንም፣ አንቀልባም ይሁን የዘመኑ፣ ያዢ። ቦሌ ውስጥ በሰልፍ ስትቆሚ እጅሽን ነፃ ያደርግልሻል። ፍተሻው ላይ ግን ልጁን አውርደሽ ታልፊያለሽ። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍም ልጁ ታዝሎ አይቀመጥም።

ምግብ ላይ፣ ጡጦ የሚጠባ ከሆነ የዱቄት ወተቱን ለየመጠኑ ለክተሽ በደረቅ ትንንሽ ዕቃ ያዢው። ውሃውን ከላይ ታገኚያለሽ፣ ትኩስ ውሃ ለአስተናጋጇ ንገሪያት። ይፋጃል፣ አቀዝቅዘሽ በእጅ አንጓሽ ላይ ሞክሪው። የተበጠበጠ ወተት ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዪ፣ ድፊው። ምግብ ለጀመረ ልጅ የለመደውን ስጪው። ቦሌ ስትወጪ ፔርሙዝ ውስጥ ትንሽ አጥሚት፣ ከዚያ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ለስላሳ ዳቦ። አዲስ ምግብ የምትሞክሪበት ቀን አይደለም። ቆሎና ኦቾሎኒ ለአንቺ እንጂ ለልጁ አይሆንም፣ ያንቀዋል። ዳቦ ቆሎም ለትንሹ ልጅ ያው ነው። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣትም አይቀመስም።

በፍተሻው ላይ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም የሚለው ሕግ ለሕፃን ወተትና ምግብ ይላላል። ቦርሳሽ ውስጥ ቀብረሽ አትያዢው። ከሌላው ለይተሽ አውጥተሽ «የልጁ ነው» በይ። ከፍተው ሊያዩት ይችላሉ።

ተጣጣፊ ጋሪ ካለሽ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ መግፋት ይቻላል፣ እዚያ ይቀበሉሻል። ስትወርጂ በር ላይ ይመልሱልሽ እንደሆነ ወይስ ሻንጣ መቀበያው ላይ እንደሆነ ጠይቂ።

7. ከመሳፈር በፊት ያለችው ሰዓት

ሕፃን ያላቸው መጀመሪያ ይግቡ ሲባል መሮጥ የለብሽም። ታቅፈሽው የምትሄጂው ሕፃን ከሆነ ቀድመሽ ገብተሽ ዕቃሽን አደላድዪ። የሚሮጥ ልጅ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ውጭ ይሩጥ። ቀድመሽ ገብተሽ በጠባብ ወንበር ላይ ተጨማሪ አርባ ደቂቃ ምን ያደርግልሻል? ጥሪው ሊያልቅ ሲል ዳይፐር ቀይረሽ ግቢ።

8. አየር ላይ

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥሽ አስተናጋጇ ለልጁ ከአንቺ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ ትሰጥሻለች። በአንድ ቀበቶ ሁለታችሁን አትሰሪ፣ አውሮፕላኑ ድንገት ቢናጥ ልጁ በመሃል ይጨፈለቃል።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ከ13 ሰዓት በላይ ነው። መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የሚያርፍበት በረራም አለ። ምክንያቱ የቦሌ ከፍታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ነገር ይህ ነው፦ ትኬትሽ ላይ መቆሚያ ካለ ጆሮው ሁለት ጊዜ ይፈተናል። ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ቁጠሪና ለእያንዳንዱ አንድ መጥቢያ አስቀሪ።

ማጥባቱን እንዲህ አድርጊ። ከማረፉ በፊት ግማሽ ሰዓት ሲቀር አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ይጀምራል። የሞተሩ ድምፅ ይቀንሳል፣ አንቺም ጆሮሽ ላይ ይሰማሻል። ሕፃኑ ተኝቶ ከሆነ ያኔ ቀስቅሺው፣ ብዙ እናቶች አይጨክኑም ግን ይጠቅመዋል። ቀበቶሽን እሰሪ፣ ጋቢውን ትከሻሽ ላይ ጣይ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ከፍ አድርገሽ አጥቢው። መጀመሪያውኑ አጥግበሽው ከነበረ እምቢ ይላል። ስለዚህ ዝቅ ማለት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሁለት ሰዓት አታጥቢው፣ ይራብ። በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይጠባ እያቋረጥሽ አስገሺው። ትልቁ ልጅ በመምጠጫ ውሃ ይጠጣ ወይም ለስላሳ ዳቦ ያላምጥ።

እንቅልፉን በተመለከተ የቤቱን ሥርዓት አየር ላይ ድገሚለት። ማታ ፊቱን የምታጥቢው ከሆነ በእርጥብ ሶፍት አብሺው። የሌሊት ልብሱን አልብሺው። እሹሩሩ የምትይለት ከሆነ ዝቅ አድርገሽ በይለት። ቦታው ቢለወጥም ነገሩ ካልተለወጠበት ልጅ ይተኛል። ሌሊት ተነስቶ ቢያለቅስ አዝለሽው እስከ ኋላ ድረስ በመተላለፊያው ተመላለሺ። ከኋላ አስተናጋጆቹ ምግብ የሚያዘጋጁበት ቦታ አለ። ምግብ በማይታደልበት ሰዓት ቆመሽ ብታወዛውዢው ማንም አይከለክልሽም።

ዳይፐር የመለወጫ ጠረጴዛ ያለው በሁሉም መጸዳጃ ቤት አይደለም፣ በሩ ላይ የሕፃን ምልክት ፈልጊ። ቦርሳውን ሁሉ ተሸክመሽ አትግቢ። አንድ ዳይፐር፣ ጥቂት እርጥብ ሶፍት፣ አንድ ፌስታል ብቻ። ክፍሉ ክርንሽን እንኳ አያዘረጋም። አዲሱን ከአሮጌው ስር ቀድመሽ አንጥፊ፣ ከዚያ አሮጌውን አውጪ።

ከሁሉም የሚከብደው የአንድ ዓመት ተኩልና የሁለት ዓመቱ ነው። ሕፃኑ ይተኛል፣ የአራት ዓመቱ ይሰማል። ይህኛው ግን አይተኛም፣ አይሰማም፣ በቅርቡ መራመድ ስለቻለ ዓለም ሁሉ ሜዳው ነው። ለእሱ ጉዞውን በሰዓት ከፋፍዪ። ለየሰዓቱ አንድ አዲስ ነገር ይኑርሽ። አዲስ ማለት ውድ ማለት አይደለም። ከመርካቶ ወይም ከደሴ ፒያሳ የሚገዛ ስቲከር፣ ወረቀት ላይ የሚለጠፍ በቀላሉ የሚላቀቅ ፕላስተር፣ ሁለት ኩባያ፣ ክዳኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ባዶ ዕቃ። እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልዪው። ጋዜጣውን መቅደዱ ራሱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሁሉንም በአንዴ አታውጪ፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። ታብሌት ካለ ቤት እያለሽ የሚያየውን ጫኚበት። እሱን ግን ለመጨረሻዎቹ ሰዓታት አስቀሪው፣ ሁላችሁም ስትሰለቹ። ትልቁን ልጅ በ«እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ብዙ መንገድ ታስኬጂዋለሽ።

ጫማውን አውልቂለት። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለውን ሰው በባዶ እግር ቢመታው እንኳ ጉዳቱ ይቀንሳል።

9. ሲያለቅስ

ያለቅሳል። መጀመሪያ አራቱን ተመልከቺ፦ ርቦታል? ረጥቧል? በርዶታል ወይስ ሞቆታል? ጆሮው ነው? ምንም ከሌለ ደክሞታል ማለት ነው፣ ተነሺና አዝለሽ ተመላለሺ። በዙሪያሽ ላለው ሰው ሁሉ ይቅርታ እየጠየቅሽ አትድከሚ። አንዴ ዞር ብለሽ «ይቅርታ፣ ልጁ ነው» ማለት በቂ ነው። አጠገብሽ የእኛ አገር እናት ካለች እሷው ራሷ «አምጪው እስቲ» ትልሻለች። ስጫት። ሽንት ቤት ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ትኩስ ነገር ጠጪ።

10. ስትወርጂ

አትጋፊ። ሰው ሁሉ ቆሞ በር እስኪከፈት ሲጠብቅ አንቺ ተቀምጠሽ ዳይፐሩን አይተሽ፣ ቦርሳሽን አደራጅተሽ በመጨረሻ ውረጂ። የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ሕፃን ላላቸው የተለየ መስመር ካለ ሠራተኛ ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ ያሳልፉሻል።

አሜሪካ ከሆነ የያዝሽውን ምግብ ሁሉ ተናገሪ። ቋንጣ አይገባም፣ ይወስዱታል። የተናገሩትን ቢወስዱት ምንም አይደለም፣ የደበቁትን ሲያገኙት ነው ቅጣት የሚመጣው።

ዋሽንግተን ከእኛ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ልጁ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ «ነጋ» ይልሻል። ለእሱ ደሴ ላይ ረፋድ ሆኗል። መብራት አታብሪ፣ አታጫውቺው፣ ካስፈለገ አጥቢውና መልሰሽ አስተኚው። ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጪው። ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ ከያዘው ቀስ ብለሽ ቀስቅሺው። ብዙ ልጆች በሳምንት ውስጥ ይላመዳሉ። በዚያ ሳምንት ሊጠይቅሽ የሚመጣ እንግዳ ይበዛል። ስንብቱ ላይ እንዳደረግሽው እንኳን ደህና መጣሽንም ለሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ቅጠሪው።